«አመሰግናለሁ» ብቻ ይበቃል?

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ስንሄድ በስልካችን ጂፒኤስ እየተመራን የጂኦካሺንግ ሣጥን አገኘን (ጂኦካሺንግ አንዱ ሣጥን ደብቆ ሌሎች በጂፒኤስ የሚፈልጉበት ጨዋታ ነው)። በመተግበሪያው ላይ «ቲኤፍቲሲ» ብዬ ብጽፍ ደባቂው ቅር ይለዋል?

መልስ፦ ቅር እንኳ ባይለው ደስ አይለውም። ፊደሎቹ «ስለ ድብቁ ሣጥን አመሰግናለሁ» የሚለው እንግሊዝኛ ምህጻር ናቸው፤ ጨዋታው በ2000 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው ስለጻፋቸው ለዛቸው አልቋል። ደባቂው ሣጥኑን ገዝቶ፣ ቦታ መርጦ፣ ፈላጊዎች ስማቸውን የሚጽፉበትን ወረቀት እየቀየረ የሚያገኘው ክፍያ የእናንተ ጽሑፍ ብቻ ነው። ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር ይጻፉለት፦ ጉም ነበር ወይስ ፀሐይ፣ ስንት ደቂቃ ፈለጋችሁ፣ ምኑ አስደሰታችሁ። በአማርኛ መጻፍ ነውር የለውም፤ ደባቂው የውጭ ሰው ከሆነ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ያክሉ።

ከሁሉ በፊት ግን በሣጥኑ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ስምዎን ይጻፉ። ስሙ ከሌለ ደባቂው የመስመር ላይ ምዝገባዎን ሊሰርዝ ይችላል። እርሳስ ይያዙ፤ ቀለም በእርጥበት ይደበዝዛል።

መደበቂያውን አይግለጡ። «ከጽዱ ሥር፣ ጠፍጣፋው ድንጋይ ስር» ማለት የሚቀጥለውን ፈላጊ ጨዋታ መቀማት ነው፤ ፎቶም እንዲሁ።

ወረቀቱ ርሶ ወይም ክዳኑ ተሰንጥቆ ከሆነ ይንገሩት፣ ወቀሳ አይደለም። ካጡትም «አላገኘሁም» ብለው ይመዝግቡ። ተከታታይ እንዲህ ያለ ምዝገባ ሲደርሰው ሣጥኑ መጥፋቱን ጠርጥሮ ሄዶ ያያል።