ጥያቄና መልስ፦ አስር ቻናል የጻፈው ወሬ

በዚህ ሳምንት የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ጌም ወሬ ናቸው። ከከተማው ዳር ዳር የመጡትን መርጫለሁ።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ጌም ቤት አለኝ። ያሉኝ የጌም ማጫወቻዎች ፕሌይስቴሽን 4 (ፒኤስ 4) ብቻ ናቸው። ልጆቹ «ጂቲኤ 6 ኅዳር 19 ይወጣል፣ በፒኤስ 4ም ይሠራል» እያሉ ቴሌግራም ያሳዩኛል። ዕቁቤ ሊደርሰኝ ነው። ፒኤስ 5 ልግዛ ወይስ በያዝኩት ልቆይ?

የጂቲኤ ሠሪው ኩባንያ ሮክስታር ያሳወቀው ቀን ኖቬምበር 19፣ 2026 ነው። በእኛ ኅዳር 10 ቀን 2019 ይሆናል። አንዱ ኖቬምበርን ኅዳር ብሎ 19ኙን እንዳለ ተወው፤ ሌሎቹ ቀድተው ለጠፉት። «ኅዳር 19፣ 2026» ብሎ የጻፈም አይቻለሁ። እሱ እውነት ቢሆን ደንበኞችዎ ጌሙ ሲወጣ ልጅ ይዘው ይመጡ ነበር።

ፒኤስ 4 የሚለውም ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ኩባንያው የጠቀሰው ፒኤስ 5 እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስና ኤስ የተባሉትን ማጫወቻዎች ነው። ቀኑም ቢሆን ሁለት ጊዜ ተገፍቷል፤ መጀመሪያ 2025 ተባለ፣ ቀጥሎ ሜይ 26፣ 2026፣ ከዚያ ኖቬምበር። ስለዚህ ለዚህ ጌም ብለው ዕቁብዎን አይቸኩሉበት። ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ፒኤስ 5 እየጠየቁ ከሆነ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው።

ከጀሞ ነኝ። አስር ቻናል አንድ ዓይነት ነገር ከጻፈ እንዴት ውሸት ይሆናል? ሁሉም ተሳስተው?

አዎ፣ ሁሉም። አንድን መታወቂያ አስር ጊዜ ፎቶ ኮፒ ብታደርገው አስር ሰው አይወጣህም።

ይሄ ደግሞ ቴሌግራም ያመጣው ችግር አይደለም። በአፕሪል 1992 ኤሌክትሮኒክ ጌሚንግ መንዝሊ የተባለ የአሜሪካ መጽሔት ስትሪት ፋይተር 2 በሚባለው የድብድብ ጌም ውስጥ ሼንግ ሎንግ የሚባል የተደበቀ ተጋጣሚ አለ ብሎ ጻፈ። እሱን ለማግኘት ርዩ በሚባለው ተጋጣሚ ተጫውተህ፣ አንድም ምት ሳያርፍብህ የመጨረሻው ባላጋራ ቢዞን ጋ መድረስ አለብህ። ከዚያ ሳትመታውና ሳይመታህ አስር ዙር በአቻ ትጨርሳለህ። ማን ይችላል? ጨዋታው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የማይቻል ነገር ስለሆነ ማንም ሞክሮ «ውሸት ነው» ሊል አልቻለም። የአፕሪል ዘ ፉል ቀልድ ነበር። በሌሎች አገሮች ያሉ መጽሔቶች ግን እንደ እውነት ቀድተው አተሙት። መጽሔቱ ቀልድ መሆኑን ያመነው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው።

አሁን ደግሞ የሚቀዳው ሰው እንኳ ላይሆን ይችላል። በጁላይ 2023 ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚባለው ጌም ተጫዋቾች፣ አንድ ድረ ገጽ ሬዲት በተባለው የውይይት መድረክ ላይ የሚጽፉትን በማሽን እየለቀመ ዜና እንደሚያደርገው ጠረጠሩ። «ግሎርቦ መጣልን፣ ደስ ብሎናል» ብለው ጻፉ። ግሎርቦ የሚባል ነገር በጌሙ ውስጥ የለም። ድረ ገጹ ስለ ግሎርቦ መምጣት ዜና አወጣ! እኔ እስካሁን ያስቀኛል።

ስለዚህ የቻናሎቹን ብዛት ተወው። መጀመሪያ የጻፈው ማነው፣ እሱስ ከየት አመጣው ብለህ ወደ ኋላ ሂድ። አንድ ቦታ ላይ ከተገናኙ፣ ያለህ ምንጭ አንድ ነው።

ለገጣፎ ነው የምኖረው። ልጄ ስልኬ ላይ «ጂቲኤ 6» ጫነ። ሲከፈት «ሰው መሆንህን አረጋግጥ» እያለ ሌላ አፕ ያስጭነዋል። ቴሌብሬም እዚሁ ስልክ ላይ ነው።

እናቴ፣ አሁኑኑ ያጥፉት፤ አብረው የተጫኑትንም ጭምር። የቴሌብር ፒንዎን ይቀይሩ። ለስልክ የተዘጋጀ ጂቲኤ 6 የለም። ልጁን አይቆጡት፤ ቪዲዮው አሳምኖት ነው።

ከየካ አባዶ፦ «ፊፋ 26» በፍላሽ እየሸጡ ነው። እውነተኛው ነው?

የጌሙ ሠሪ ኩባንያ ኢኤ «ፊፋ» የሚለውን ስም የተወው ከፊፋ 23 በኋላ ነው። የእሱ ጌም ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 26 ይባላል። በፍላሽ የሚሸጡልህ አሮጌ ጌም ላይ ማሊያ የተቀየረበት ሊሆን ይችላል። ከመክፈልህ በፊት እዚያው አስከፍተህ እየው።

ኮዬ ፈጬ ሆኜ የጌም ቻናል አለኝ። ለማጣራት ጊዜ የለም፤ ቀድሞ ያልለጠፈ ተከታይ አያገኝም። ምን ላድርግ?

የኩባንያውን የራሱን ገጽ መክፈት አንድ ደቂቃም አይፈጅም። እዚያ ከሌለ «ወሬ ነው» ብለህ ለጥፍ፤ ማንም አይቀየምህም። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ «ተብሏል» ካለ አንተም «ተብሏል» በል። አብዛኛው ውሸት የሚወለደው ይህች ቃል በመንገድ ላይ ስትወድቅ ነው። ቀኑንም ወደ እኛ ስትለውጥ ካሌንደር ክፈት፣ በግምት አትሥራ።

ከተሳሳትክ ደግሞ የድሮውን ፖስት ኤዲት አድርገህ ዝም አትበል። ቴሌግራም ላይ ፎርዋርድ የተደረገው ቅጂ አብሮ አይታረምም። ማረሚያውን በአዲስ ፖስት ልቀቀው፣ ፒንም አድርገው።