መልስ፦ ኪኔሲንን የሚያራምደው የኤቲፒ ሙቀት አይደለም

ወንድሜ፣ «ኪኔሲን በማይክሮቲዩቡል ላይ የሚራመደው ኤቲፒ ሲፈርስ በሚወጣው ሙቀት ተገፍቶ ነው ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። አይደለም። ኪኔሲን በሕዋስ ውስጥ ጭነት ተሸክሞ የሚራመድ ፕሮቲን ነው፤ ማይክሮቲዩቡል የሚራመድበት ቀጭን የፕሮቲን ቱቦ፣ ኤቲፒ ደግሞ ጉልበት የሚሰጠው ሞለኪውል ነው። በዚህ እጅግ ትንሽ መጠን ሙቀቱ ወዲያው በዙሪያው ባለው ውኃ ውስጥ ይበተናል። ሥራውን የሚሠራው የፕሮቲኑ ቅርፅ መለዋወጥ ነው።

እዚህ ደብረ ብርሃን ለተማሪዎቼ ሳስረዳ የጣርማ በርን ቁልቁለት አስታውሳቸዋለሁ፤ አንደኛው እግር መሬት ሳይቆነጥጥ ሌላው አይነሳም። ኪኔሲንም እንደ እግር የሚያገለግሉ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ ሳይንሱ ግን «ራስ» ይላቸዋል። ኤቲፒ ከፊተኛው ራስ ጋር ሲጣመር፣ ራሱን ከግንዱ ጋር የሚያገናኘው አጭር ማያያዣ ወደ ፊት ታጥፎ ይለጠፋል። የኋለኛው ራስ የያዘውን የራሱን ኤቲፒ አፍርሶ ከእሱ የተቆረሰውን ፎስፌት ሲለቅ መያዣው ይላላል፤ ተላቆም ወደ ፊት ያልፋል። የቀረውን መንገድ የሚጨርሰው በውኃ ሞለኪውሎች ግፊያ እየዋለለ ነው፤ ቀጣዩን ቱቡሊን (ማይክሮቲዩቡሉ የተገነባበትን የፕሮቲን ጡብ) ሲያገኝ ይይዛል። ስለዚህ የአካባቢው ሙቀት ድርሻ አለው፤ አቅጣጫ የሚሰጠው ግን ማያያዣው ነው። ይህን ልዩነት አጥብቀህ ያዝ፤ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው።

አንድ እርምጃ 8 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ) ነው፤ ይህም የአንድ ጥንድ ቱቡሊን ርዝመት ነው። ዋጋው አንድ ኤቲፒ ነው። በሰከንድ ወደ 100 እርምጃ ሊደርስ ይችላል።

አብዛኞቹ ኪኔሲኖች ወደ ማይክሮቲዩቡሉ አዎንታዊ ጫፍ፣ ማለትም ፈጥኖ ወደሚያድገው ጫፍ ይሄዳሉ። ዳይኒን የተባለው ሌላው ተራማጅ ፕሮቲን በተቃራኒው ይጓዛል፤ በነርቭ ውስጥ ከጫፍ ወደ ሕዋሱ አካል ጭነት የሚመልሰው እሱ ነው። የእሱ አሠራር ግን ሌላ ነው፤ ከፈለግህ ለብቻው እጽፍልሃለሁ።