መልስ፦ መንግሥቱ ወርቁ በአሰልጣኝነት

ወንድሜ፣ «መንግሥቱ ወርቁ ጎል አግቢነቱን እናውቃለን፣ አሰልጣኝ ሆኖስ ምን ሠራ?» ላልከው፦ ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ አፍሪካ ዋንጫ ገብቷል። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልግ 1982 በል፤ ብዙ ሰው የሚምታታው በዘመን አቆጣጠሩ ነው።

መጀመሪያ ተጫዋቹን። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ እዚሁ መስቀል አደባባይ አጠገብ ባለው ስታዲየም፣ ግብፅ በአፍሪካ ዋንጫ ፍፃሜ ኢትዮጵያን ሁለቴ ብትመራም መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አለቀ። በጭማሪው ኢታሎ ቫሳሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ በ117ኛው ደቂቃ አገቡና 4 ለ 2። በግማሽ ፍፃሜው ቱኒዚያ ላይም 2 አስቆጥሮ ስለነበር በ3 ጎል ከግብፁ በደዊ ጋር ኮከብ ግብ አግቢነቱን ተጋራ።

ሊቢያ ላይ ናይጄሪያ 3 ለ 0፣ ዛምቢያ 1 ለ 0 አሸነፉን፤ ከአልጄሪያ 0 ለ 0። በአፍሪካ ዋንጫ 10 ጎል ያለው ሰው ያሠለጠነው ቡድን አንድም ሳያገባ ተመለሰ ብለው የሚያሾፉ አሉ። እኔ አልስማማም። ናይጄሪያ ያኔ የዋንጫው ባለቤት ነበረች፤ አልጄሪያ ደግሞ በዚያው ክረምት በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 የረታችው ናት። ከዚያ በኋላ አፍሪካ ዋንጫን ያየነው በ2005 ዓ.ም. በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ጊዜ ነው።