ጸበል እያለን ለምን ክትባት?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፍልዎ ከደላንታ ነው። ዘንድሮ በልጉ አልያዘልንም፤ ክረምቱ ከብዶናል። በዚህ ላይ ሰፈራችን ኩፍኝ ገብቷል። ጎረቤቶቼን «ልጆቻችሁን አስከትቡ» ስላቸው «ጸበል እያለን መርፌ መፈለግ እምነት ማጉደል ነው» ይሉኛል። ሌሎቹ ደግሞ «የአረም ጊዜ ነው» ይላሉ። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ስለ ጸበል ኃይል ለእናንተ የምነግረው አዲስ ነገር የለም። ስሕተቱ ጸበሉንና ክትባቱን ማጋጨቱ ላይ ነው፤ ይህም በየደብሩ የሚገጥመኝ ነው። ዝናም ሲጠፋ ምሕላ እንይዛለን፤ ታዲያ ሞፈርና ቀንበሩን ሰቅሎ የሚቀመጥ ገበሬ አለ? እግዚኦ እያለም ያርሳል፤ ሲበቅልለትም ያርማል። ይህን ማንም እምነት ማጉደል ብሎት አያውቅም። ለማሳው የፈቀድነውን ለልጁ ስለ ምን እንከለክላለን?

ሲራክ በምዕራፍ 38 የታመመውን ጸልይ ይለዋል፤ እዚያው ላይ ለባለመድኃኒትም ስፍራ ስጠው፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። ሰይጣን ጌታን «ራስህን ወርውር፣ መላእክት ይደግፉሃል» ባለው ጊዜ መልሱ «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» ነበር (ማቴ. 4፥7)። ክትባቱ ጤና ኬላ በነጻ እየተሰጠ ልጅን ለኩፍኝ አጋልጦ «እርሱ ያውቃል» ማለት አምላክን መፈታተን ነው። በዚህ አልለሳለስም።

በተለይ እንዲህ ባለ ዓመት። ኩፍኝ በረኃብ የተጎዳ ሰውነት ሲያገኝ ወደ ሳንባ ምችና ተቅማጥ ይዞራል፤ ቫይታሚን ኤ ያነሰውን ልጅ ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን በፊት ጀምሮ፣ ከወጣም በኋላ እስከ 4 ቀን ድረስ በትንፋሽ ይተላለፋል። ስለዚህ የታመመውን ልጅ ሰው ወደሚጋፋበት ጸበል አታምጡት፤ ጸበሉን ቀድታችሁ ቤት ውሰዱለት። ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት፤ ቫይታሚን ኤ በ2 ተከታታይ ቀን ይሰጡታል።

ክትባቱ በ9 ወርና በ15 ወር ነው፤ ጊዜው ያለፈበትም ልጅ ይምጣ። ከሳምንት ገደማ በኋላ ትኩሳት ወይም ቀላል ሽፍታ ሊታይ ይችላል። «መርፌው አሳመመው» የሚለው ወሬ የሚነሣው ከዚህ ስለሆነ ለእናቶቹ አስቀድመው ይንገሯቸው።

«ሴት ልጅ ክርስትና ሳትነሣ ከቤት አትወጣም» የሚሉም አሉ። 80 ቀኑ የተወሰነው ወደ ቤተ መቅደስ ለመግባት ነው፤ ጤና ኬላ ለመሄድ አይደለም። 80 እስኪሞላት ከተጠበቀ የ45 ቀኑም የ2 ወር ተኩሉም ክትባት ያልፋታል።

የአረሙ ነገር እውነት ነው፣ ይገባኛል። የኩፍኝ ክትባት ግን ብዙ ጊዜ አንዱ ብልቃጥ ለ10 ልጅ የሚሆን ዱቄት ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፣ ይጣላል። አንዲት እናት ብቻዋን ስትመጣ ባለሙያዋ ለመክፈት የምታመነታው ለዚህ ነው። በወንፈል እንደምታርሙ በወንፈል ሂዱ። ከቅሬው (ከእድሩ) ሽማግሌዎች ጋር ተመካከሩ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ልጁን ይዞ ይውጣ። ከጤና ኤክስቴንሽኗ ጋር ተነጋግራችሁ ማሳ የማይገባበትን ቀን፣ 12ን ወይም 21ን፣ ቁረጡ። በዓል መሻር እንዳይመስላችሁ፤ ጌታ በሰንበት ፈውሷል። ካርድ ያላት ይዛ ትምጣ፤ የጠፋባትም አትቅር፣ አዲስ ይጻፍላታል።