ዝናብ ልብስ ለለበሰችው አንባቢ

ልጆቼ፣

ግጥማችሁን ይዛችሁ ወደ እኔ ስትመጡ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቅሬታ እሰማለሁ። አንዱ «ሥራው ጊዜ አልሰጠኝም» የሚል ነው፤ ሌላው «አንባቢው አይገባውም»። ሁለቱንም አሳምሬ አውቃቸዋለሁ። በኢንሹራንስ ሥራ 31 ዓመት ስቆይ እኔም ይህንኑ ስል ነው የኖርኩት። ዛሬ የምጽፍላችሁ እንደ እኔው የኢንሹራንስ ሠራተኛ ስለነበረ አንድ ሰው ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

ቴድ ኩዘር ይባላል። በ1939 አሜሪካ ውስጥ፣ በአዮዋ ግዛት፣ ኤምስ በምትባል ከተማ ተወለደ። ገጣሚው ካርል ሻፒሮ ዘንድ ለመማር ብሎ ወደ ኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ ግን ልቡ ግጥሙ ላይ ስለነበር ሌላውን ትምህርት ችላ አለው፣ ዩኒቨርሲቲው ይሰጠው የነበረውንም ድጋፍ አጣ። እንጀራ መብላት ነበረበትና ሊንከን ከተማ ውስጥ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ገባ። የሕይወት መድን ልግዛ የሚል ሰው ሲያመለክት ማመልከቻውን አይቶ «እንቀበለው ወይስ አንቀበለው» ብሎ መወሰን ነበር ሥራው። ቀስ በቀስ አድጎ ሌላ ኩባንያ ውስጥ ምክትል ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደረሰ። በዚህ ሙያ ወደ 35 ዓመት ገደማ ቆይቷል።

ግጥሙንስ መቼ ጻፈው? ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ይነሣል። ቡናውን አፍልቶ ወንበሩ ላይ ይቀመጥና እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ይጽፋል። ከዚያ ገላውን ታጥቦ፣ ከረቫቱን አስሮ ቢሮ ይገባል። በየቀኑ እንዲህ ነበር። አብዛኛው ጠዋት የረባ ነገር እንዳልወጣው፣ ግን የረባው ነገር ሲመጣ እዚያው ተቀምጦ እንዲያገኘው እንደሚፈልግ ደጋግሞ ተናግሯል። ስለ ጊዜው ይህ ይበቃል፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላው ነው።

ኩዘር ቢሮ ሲገባ ያን ጠዋት የጻፈውን ለቢሮው ጸሐፊ ያሳያት ነበር። ግጥም የምታነብ ሰው አልነበረችም። «ይኼ ይገባሻል?» ይላታል። አልገባኝም ካለች ወረቀቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ እንደገና ይሠራዋል። አንዲት አጭር ግጥም 30 እና 40 ጊዜ ያርማል። እርማቱ ደግሞ ግጥሙን ለማራቀቅ አይደለም፤ ድካሙ እንዳይታይበትና በአንድ ትንፋሽ የተጻፈ እንዲመስል ነው።

ይህን መጀመሪያ ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። ወጣት ሳለሁ አንድ ምሽት ለባለቤቴ ግጥም አነበብኩላት። በግዕዝ ቃላት የታጨቀ፣ ሦስት ገጽ የሚሆን ነበር። እጇ ላይ ሊጥ ነበር፤ ቆማ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና «ምን ለማለት ፈልገህ ነው?» አለችኝ። «አንቺ አይገባሽም» አልኳት። ምንም አልመለሰችልኝም፤ ወደ ማቡኪያዋ ዞረች። ከዚያ ቀን በኋላ ለብዙ ዓመታት ግጥም አንብብልኝ ብላኝ አታውቅም። ያን ግጥም ዛሬ ሳየው እኔም አይገባኝም።

ሰምና ወርቅን እንደ መከላከያ የምታቀርቡ አላችሁ፤ «የአበሻ ግጥም ድብቅ ነው» ትሉኛላችሁ። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ጠይቁ። ሰሙ ራሱን ችሎ የሚቆም፣ ማንም ሰምቶ የሚረዳው ነገር መሆን አለበት። ወርቁ የሚወጣው ከዚያ ውስጥ ነው። ሰም የሌለው ነገር ወርቅ የለውም፤ ጭጋግ ነው።

ኩዘር ስለ አንድ የተተወ የገበሬ ቤት የጻፈው ግጥም አለ። ሰዎቹ የሉም፤ የሚናገሩት የቀሩት ዕቃዎች ናቸው። ጫማው ባለቤቱ ግዙፍ ሰው እንደነበር ይመሰክራል። ጀርባው የተሰበረው መጽሐፍ ቅዱስ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው እንደነበር ይናገራል። ድንጋይ የሞላው ማሳ ግን ገበሬነት እንዳልሆነለት ያጋልጣል። ሚስት እንደነበረች፣ ልጅ እንደነበረ፣ ገንዘብ እንዳጠረ ሁሉ የምናውቀው ከዕቃው ነው። እዚያ ቤት ምን እንደተፈጠረ ግን አይነግረንም። አንድ ነገር እንደተበላሸ ብቻ አውቀን እንወጣለን። እዚያ ውስጥ መዝገበ ቃላት የሚያስገልጥ አንድ ቃል የለም፤ ሐዘኑ ግን ቀን ሙሉ አይለቅም።

አንባቢን ስለ መምረጥም የጻፋት አጭር ግጥም አለችው። የሚመኛት አንባቢ አሮጌ የዝናብ ልብስ ለብሳለች፤ ላውንደሪ የምትሰጥበት ገንዘብ ስላጣች ልብሱ ቆሽሿል። መጻሕፍት መደብር ገብታ መነጽሯን አውጥታ ግጥሞቹን ታገላብጣለች። ከዚያ መጽሐፉን መደርደሪያው ላይ ትመልሰዋለች፤ በዚህ ዋጋ ልብሴን አሳጥብበታለሁ ብላ ታስባለች፤ ታደርገዋለችም። ስትሄድ አይቀየማትም። ገንዘቧን ያከብርላታል። ልጆቼ፣ መጽሐፋችሁን ለማሳተም ከመሮጣችሁ በፊት ይህችን ሴት በዓይነ ሕሊናችሁ አቁሟት።

በ1998 የምላስ ካንሰር ያዘው። ቀዶ ሕክምናውና ጨረሩ አዳከሙት፤ ሥራውንም ተወ። ሐኪሙ ከፀሐይ ተጠንቀቅ ስላለው ከመንጋቱ በፊት በገጠሩ መንገድ ላይ ይራመድ ጀመር። ብዙ ጊዜ አንዲት ስንኝ ሳይጽፍ ቆይቶ ነበር፤ የአገሩ ብርድ ሲገባ ግን አንድ ጠዋት ከእግር ጉዞው ሲመለስ ጻፈ። የጻፈውን ፖስትካርድ ላይ ለጥፎ ለጓደኛው ለደራሲ ጂም ሃሪሰን ላከለት። እንዲህ እንዲህ እያለ 100 ደረሱ። የእያንዳንዱ ግጥም አናት ላይ የዕለቱ አየር ሁኔታ ሰፍሯል፤ ስንት ዲግሪ እንደነበር፣ ነፋስ እንደነበር። ከካንሰር እያገገመ ያለ ሰው ለአንድ ወዳጁ ነበር የሚጽፈው። በ2000 መጽሐፍ ሆነው ወጡ።

ክብሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ2004 የአሜሪካ ባለቅኔ ሎሬት ተባለ፤ በ2005 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። በሎሬትነቱም ጊዜ የጋዜጣ ዓምድ ጀመረ። በየሳምንቱ የአንድ ገጣሚ አጭር ግጥም ከጥቂት የመግቢያ መስመሮች ጋር ለየትኛውም ጋዜጣ በነፃ ይሰጥ ነበር። የገበሬው ከተማ ትንሽ ጋዜጣ ላይ፣ ከከብት ዋጋው ጎን ግጥም ወጣ። እስከ 2020 መጨረሻ ያዘጋጀው እሱ ነው፤ ከዚያ ጋና ተወልዶ ጃማይካ ላደገው ለገጣሚው ክዋሜ ዶውስ አስረከበው። ዶውስ ሊንከን ከተማ ሆኖ የአፍሪካ ግጥም መጻሕፍት የሚታተሙበትን ድርጅት ያቋቋመ ሰው ነው። ኢትዮጵያና ኤርትራ ያደገችው ማህተም ሽፈራው በ2015 የዚያን ድርጅት የመጀመሪያ መጽሐፍ ሽልማት አሸንፋለች፤ መጽሐፏን ያሳተመው የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ነው። ፈልጋችሁ አንብቧት።

ኩዘር ባንድ ወቅት ድጋፉን ባጣበት ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኖ ተመለሰ። ተማሪዎቹን አንድ በአንድ አስቀምጦ ግጥማቸውን መስመር በመስመር ያይላቸው ነበር። እኔም ከእናንተ ጋር በየተራ የምቀመጠው ለዚህ ነው። ስትመጡ አስቀድማችሁ ግጥም ለማያነብ አንድ ሰው፣ ለእናታችሁ ወይም ሱቅ ለምትውለው እህታችሁ አንብባችሁ ኑ። የት ላይ ፊቷ እንደተለወጠ ምልክት አድርጉበት።

ባለፈው ጾም ለባለቤቴ አንድ ግጥም አነበብኩላት፤ 14 መስመር ነው። መነጽሯን ጠየቀችኝ። ወረቀቱን ተቀብላኝ ለራሷ ደግማ አነበበችው፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ጣቷን አሳርፋ «ይህች ቃል እዚህ ምን ትሠራለች?» አለችኝ። እርሳሴን ፍለጋ ተነሣሁ።