በፍልሰታ አምስተርዳም ላይ ምን ይበላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሰበታ አካባቢ አንድ የአበባ እርሻ ውስጥ ነው የምሠራው። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ለሥልጠና ኔዘርላንድስ እሄዳለሁ። እዚያ ሳለሁ አምስተርዳምን በእግር እያዞሩ ምግብ የሚያስቀምሱና ታሪክ የሚነግሩ አስጎብኚዎች ጋር ቦታ ተይዞልኛል። ግን ፍልሰታ ነው፣ ጾሙን መተው አልፈልግም። ጓደኞቼ ደግሞ ጥሬ ዓሣ ያበሉሻል እያሉ ያስፈራሩኛል። ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?
(ከሰበታ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሂጂ! ግን ቀደም ብለሽ ለአስጎብኚው ጻፊለት። "ቬጋን ነኝ" በይው፣ ከእንስሳት የሚገኝ ምንም አልበላም ማለት ነው፣ ይገባዋል። "ቬጀቴሪያን" ካልሽው አይብ ያቀርብልሻል።

ከሚያስቀምሱሽ አብዛኛው የፍስክ ነው። ስትሮፕዋፍል የሚሉት፣ በሁለት ስስ ቂጣ መሐል ሽሮፕ ያለበት ጣፋጭ፣ ቅቤ አለው። ቢተርባለን የሚሉት፣ በዘይት የተጠበሰ ድብልብል፣ ውስጡ ሥጋ ነው። የድንች ጥብሱን እንኳ በከብት ጮማ የሚጠብሱ ቤቶች አሉ፣ ማዮኔዙም እንቁላል አለበት። ስለዚህ ሳትጠይቂ አትቅመሺ።

ጥሬ የተባለው ዓሣ ሄሪንግ ነው። አንጀቱን አውጥተው ቆሽቱን ይተዉለታል፣ ከዚያ ጨው ውስጥ ይቆያል፤ ሥጋውን የሚያለሰልሰው ይሄ ነው። ትል እንዳይኖርበትም በሕግ የግድ በረዶ መሆን አለበት። የተከተፈ ሽንኩርት ነስንሰው ይሰጡሻል፣ ጎረድ ጎረድ ለለመደ አገር ሰው አያስፈራም። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ግን ለንስሐ አባትሽ ተዪው።

እኔ የምመርጥልሽ የሱሪናም ሮቲ ነው። ቂጣው ውስጥ የተፈጨ ቢጫ ክክ አለ፣ አጠገቡ ድንችና ረጃጅም ፎሶሊያ ይደረጋል። ዶሮና እንቁላሉ ይቅርልኝ በይ፣ ሊጡም ቅቤ እንደሌለው አረጋግጪ። ታሪኩ ያለውም እዚህ ላይ ነው። ሱሪናም ደቡብ አሜሪካ ውስጥ የኔዘርላንድስ ቅኝ ግዛት ነበረች። በ1863 እ.ኤ.አ. ባርነት ቀረ ተባለ፣ ነጻ የተባሉት ሰዎች ግን አብዛኞቹ 10 ዓመት ተጨማሪ እርሻው ላይ በግድ እንዲሠሩ ተደረገ፣ እነሱ ሊለቁ ሲሉ በ1873 ከሕንድ የኮንትራት ሠራተኛ በመርከብ መጣ፣ ሮቲውም አብሮ መጣ። ሱሪናም በ1975 ነጻ ስትወጣ ደግሞ ብዙ ሕዝብ ወደ ኔዘርላንድስ ፈለሰ፣ ምግቡንም ይዞ።

ሆርቱስ ቦታኒከስ የሚባለውን፣ በ1638 የተመሠረተውን የዕፅዋት ማዕከልም ሳታዪ እንዳትመለሺ። የኛ ቡና ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ገባ፣ ኋላ ሆላንዶች ጃቫ በምትባለው የዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ደሴት ላይ ተከሉት፣ ከጃቫ አንድ ተክል በ1706 እዚህ ግቢ ደረሰ። ከዚያው ዘር የሆነ ችግኝ በ1714 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ተሰጠ። ላቲን አሜሪካ ላይ የበቀለው ቡና ብዙው ትውልዱ ከነዚህ ተክሎች ነው። የቡና አገር ልጅ ይሄን ቆማ ብታይ ደስ ይለኛል! አስጎብኚው ስለ አምስተርዳም የድሮ ነጋዴዎች ቤት ውበት ብቻ ካወራ፣ ቡናውን ማን እንዳለማው ጠይቂው። ከ1830 ጀምሮ የጃቫ ገበሬ ለኔዘርላንድስ መንግሥት ቡናና ስኳር እንዲያመርት ይገደድ ነበር። ጥሩ አስጎብኚ ይሄን አይደብቅሽም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ የተያዘልሽ ሰዓት ጠዋት ከሆነ ወደ ከሰዓት አስቀይሪው። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ በእነሱ አቆጣጠር 15 ሰዓት መሆኑ ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚጀምረውን ያዢ።