ሥራዬን ለቅቄ ሙዚቃ ልግባ?

«ዕድሜዬ 31 ነው። የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነኝ፤ ማታ ማታ ጊታር ይዤ ዘፈን እደርሳለሁ፤ ግጥሞቼ አጭር ናቸው ብዬ ግን አፍራለሁ። አንድ ፕሮዲውሰር ሦስት ዘፈኖቼን በአንድ ጊዜ ክፍያ ጠቅልሎ ሊገዛኝ ፈልጓል። ሥራዬን ልልቀቅ ወይስ ጊዜው አልፎብኛል?» ብለህ ጽፈህልኛል።

ወንድሜ፣ ከዕድሜው ልጀምር። አሜሪካዊው ድምፃዊና የዘፈን ደራሲ ቢል ዊዘርስ የመጀመሪያ አልበሙን እ.ኤ.አ. በ1971 ሲያወጣ 32 ዓመቱ ነበር። የዌስት ቨርጂኒያ የድንጋይ ከሰል መንደር ልጅ ነው፤ ሲናገር ይንተባተብ ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት በባሕር ኃይል አገልግሏል። ሎስ አንጀለስ ገብቶ የአውሮፕላን መጸዳጃ በሚያመርት ፋብሪካ ተቀጠረ፤ ከደመወዙ እየቆጠበም ዘፈኖቹን ለማሳያ ያስቀርጽ ነበር። በአልበሙ ሽፋን ላይ የያዛት የምሳ ዕቃ የእውነት ናት። ፎቶውን የተነሳው በሥራ ቦታው፣ በምሳ ሰዓት ነው።

«ኤይንት ኖ ሰንሻይን»ን ስማው። መሀል ላይ «አይ ኖው» (አውቃለሁ) የምትለዋን 26 ጊዜ ይደጋግማታል። እዚያ ሌላ ግጥም ሊያስገባ አስቦ ነበር፤ ሙዚቀኞቹ ግን «እንዲሁ ተወው» አሉት። ግራሚ የተባለውን የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘበት ይኸው ዘፈን ነው። ግጥሜ አጭር ነው ብለህ ለምታፍረው አንተ ይህን መንገሬ ነው።

ለጥያቄህ የሚበጀው ግን «ሊን ኦን ሚ» ነው። ከተማ ገብቶ የመንደሩ ጎረቤቶች መረዳዳት ሲናፍቀው ደረሰው፤ በ1972 የአሜሪካን የዘፈን ሰንጠረዥ መራ። በ1987 ክለብ ኑቮ የተባለ ቡድን እንደገና ሠርቶት ዳግመኛ አንደኛ ወጣ፤ ግራሚው የተሰጠው ግን ለደራሲው ለዊዘርስ ነበር። በመሀሉ ከሙዚቃ ኩባንያው ጋር ስላልተስማማ ከ1978 እስከ 1985 አልበም አላወጣም፤ ከዚያም ጨርሶ ተወው። ድምፃዊው ቤቱ ተቀምጦ ዘፈኑ ይሠራለት ነበር፤ የደራሲነት መብቱ በእጁ ነበር ማለት ነው።

አንተ በአንድ ክፍያ ልትሸጥ የተዘጋጀኸው ይህንኑ መብት ነው። የእኛም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ ለደራሲ የኢኮኖሚ መብት፣ ማለትም ከሥራው ገቢ የማግኘት መብት፣ ይሰጣል፤ ነገር ግን በጽሑፍ ከፈረምክ ያ መብት ለሌላ ሰው ሊተላለፍ ይችላል። ውሉን የቅጂ መብት የሚያውቅ ጠበቃ ሳያየው አትፈርም። ለፕሮዲውሰሩ አንዷን ዘፈን ብቻ፣ ለአንድ አልበም ብቻ፣ መብቱ የእኔ እንደሆነ በፈቃድ ልስጥህ በለው። እምቢ ካለህ ዘፈኖቹን ይዘህ ተመለስ፤ ነገ ጠዋት ፈረቃህ አለ።